ድምፁ ቀንሶ ወንበሩ የጨመረ መንግሥት፦ የቪክቶሪያ ምርጫ እንዴት ይነበባል?

በአውስትራሊያ የቪክቶሪያ ግዛት ኖቬምበር 26 ቀን 2022 በተካሄደው ምርጫ በዳንኤል አንድሩስ የሚመራው ሌበር ፓርቲ ለሦስተኛ ተከታታይ ጊዜ አሸንፎ ሥልጣኑን አጸና። ቆጠራው ሲጠናቀቅ ግን ብዙዎችን ግራ ያጋባ ውጤት ታየ። ሌበርን አንደኛ ምርጫቸው ያደረጉ ሰዎች ድርሻ በ2018 ከነበረበት 42.9 በመቶ ወደ 36.7 በመቶ ወርዷል። በታችኛው ምክር ቤት የያዘው ወንበር ደግሞ ከ55 ወደ 56 ከፍ ብሏል። ከመቶ መራጮች 63ቱ አንደኛ ያላሉት ፓርቲ ከ88 ወንበሮች ሁለት ሦስተኛ ሊሞላ ጥቂት የቀረውን ይዞ መንግሥት መሠረተ ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለዚህ ውጤት ሁለት ማብራሪያዎች በሰፊው ይሰማሉ። አንደኛው ሕዝቡ መንግሥት ኮቪድን የያዘበትን መንገድ አጽድቋል የሚል ነው። ሁለተኛው የቁጥሩን አለመመጣጠን አይቶ ምርጫው የሆነ ማጭበርበር አለበት ብሎ ይጠረጥራል። ሁለቱም ከእውነታው ይርቃሉ። የቪክቶሪያ መራጭ በመንግሥቱ ላይ የነበረው ቅሬታ እውነተኛና ሰፊ ነበር፤ ቅሬታው ግን አንድ ላይ የሚጠራቀምበት ቦታ አላገኘም። ቀጣዩ ምርጫ ኖቬምበር 28 ቀን 2026 ስለሆነ፣ ይህ እንዴት እንደሆነ መረዳት ያለፈን ታሪክ ከማወቅ የሚያልፍ ጥቅም አለው።

የተመረጠው የትኛው መንግሥት ነው?

በመጀመሪያ አንድ ተደጋጋሚ መደናገር እናጥራ። አውስትራሊያ ስድስት ግዛቶችና ሁለት ትልልቅ ልዩ አስተዳደሮች ያሏት ፌዴሬሽን ናት። በካንቤራ ያለው የፌዴራል መንግሥት በጠቅላይ ሚኒስትር ይመራል፤ እያንዳንዱ ግዛት ደግሞ ፕሪሚየር የሚባል የራሱ መሪ አለው። የፓርቲዎቹ ስም በሁለቱም እርከን አንድ ስለሆነ፣ "ሌበር አሸነፈ" የሚል ዜና የሰማ ሰው ጠቅላይ ሚኒስትሩ የተመረጠ ቢመስለው አይፈረድበትም።

ኢሚግሬሽን፣ ቪዛና ዜግነት፣ የገቢ ግብር፣ የማኅበራዊ ድጎማ ክፍያና መከላከያ የካንቤራ ጉዳዮች ናቸው። ሆስፒታል፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ፖሊስ፣ ባቡርና ትራም፣ የመንግሥት መኖሪያ ቤቶችና የታክሲ ፈቃድ ግን በግዛቱ መንግሥት እጅ ናቸው። ቤተሰብን ለማምጣት የገባ ማመልከቻ ለምን ዘገየ የሚለው ጥያቄ ለግዛቱ ፕሪሚየር አይቀርብም። በሌላ በኩል፣ ቪክቶሪያ በ2017 የታክሲ ሕጓን ለውጣ ነባር የታክሲ ፈቃዶችን ስትሽር፣ ለመጀመሪያው ፈቃድ 100,000 ዶላር፣ ለተከታዮቹ ሦስት ደግሞ ለእያንዳንዳቸው 50,000 ዶላር ካሳ እንዲከፈል የወሰነው የግዛቱ መንግሥት ነው። ከኢትዮጵያ ከሄዱት ብዙዎች ኑሯቸውን የመሠረቱበት ሥራ ስለሆነ፣ የግዛት ምርጫ ምን ያህል ቤት ድረስ እንደሚገባ ይህ አንዱ ጉዳይ ብቻውን ያሳያል።

የምርጫው ቀን አስቀድሞ በሕግ የተቆረጠ ነው፤ በየአራት ዓመቱ የኖቬምበር የመጨረሻ ቅዳሜ። ድምፅ መስጠትም ለዜጎች ግዴታ ነው፤ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ይቀጣል። ቋሚ ነዋሪ ቢሆንም ዜግነት ያልወሰደ ሰው ግን ድምፅ የለውም።

አንደኛ መውጣት የማይበቃበት ሥርዓት

የቁጥሩ እንቆቅልሽ የሚፈታው በአመራረጥ ሥርዓቱ ነው። በኢትዮጵያ በሚሠራበት ሥርዓት በአንድ የምርጫ ክልል ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፤ 30 በመቶም ቢሆን። በቪክቶሪያ የታችኛው ምክር ቤት ምርጫ ግን መራጩ በወረቀቱ ላይ ላሉት ዕጩዎች ሁሉ እንደ ፍላጎቱ ቅደም ተከተል 1፣ 2፣ 3 እያለ ቁጥር ይሰጣል። አንድ ሣጥን ባዶ ከተወ ወይም ቁጥር ከደገመ ድምፁ ሊሰረዝ ይችላል። ለማሸነፍ ከግማሽ በላይ ያስፈልጋል፤ ማንም ካልደረሰ፣ የመጨረሻ የወጣው ዕጩ ይሰናበትና ድምፆቹ በሁለተኛ ምርጫቸው መሠረት ለቀሩት ይከፋፈላሉ። አንዱ ከግማሽ በላይ እስኪያገኝ ድረስ ይህ ይቀጥላል።

በምሳሌ እንየው። መቶ መራጮች ባሉበት ክልል የሊብራል (የዋናው ተቃዋሚ ፓርቲ) ዕጩ 40፣ የሌበር 37፣ የግሪንስ (ከሌበር በስተግራ የቆመው ፓርቲ) 14፣ አንድ የግል ዕጩ 9 ድምፅ አገኙ እንበል። በኢትዮጵያው ሥርዓት ሊብራል አሸንፏል። እዚህ ግን የግል ዕጩው መጀመሪያ ይወጣና ከዘጠኙ ደጋፊዎቹ አምስቱ ወደ ሊብራል፣ አራቱ ወደ ሌበር ይሄዳሉ። ሊብራል 45፣ ሌበር 41 ሆነ። ቀጥሎ ግሪንስ ይወጣል፤ ከ14ቱ 12ቱ ሁለተኛ ያሉት ሌበርን ከሆነ ሌበር በ53 ለ47 ያሸንፋል።

ስለዚህ በአውስትራሊያ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ይነበባሉ። አንደኛው ቀዳሚ ድምፅ፣ ማለትም "1" ተብሎ የተጻፈው ነው። ሁለተኛው ሌሎቹ ሁሉ ተሰናብተው ድምፁ ለሁለቱ ዋና ወገኖች ሲከፋፈል የሚገኘው የሁለት ፓርቲ ድምፅ ነው። በ2022 የሌበር ቀዳሚ ድምፅ 36.7 በመቶ ይሁን እንጂ የሁለት ፓርቲ ድምፁ 55 በመቶ ገደማ ነበር። ከሁለቱ አንዱ መንግሥት ቢሆን ማን ይሻልሃል ሲባል፣ አብዛኛው መራጭ ሳይወደውም ቢሆን ሌበርን አስቀድሟል ማለት ነው። ማጭበርበር አለ የሚለው ጥርጣሬ እዚህ ላይ ይወድቃል፤ አሸናፊው በመጨረሻ የሚለካው ከግማሽ በላይ በሆነ ድምፅ ነውና። ሕዝቡ ደስ ብሎት መረጠው የሚለው ትርጓሜም አብሮ ይወድቃል። ሦስተኛ ወይም አራተኛ ተብሎ የተሰጠ ድምፅ በቆጠራው ከአንደኛው እኩል ይመዝናል፤ በመራጩ ልብ ውስጥ ግን እኩል አይደለም።

ቅሬታው የሰፈረበት ቦታ

የድምፁ መቀነስ በመላው ግዛት እኩል አልተሰራጨም። ሌበር ክፉኛ የተመታው ለአሥርተ ዓመታት የራሱ ጓዳ በሆኑት በሜልበርን ምዕራባዊና ሰሜናዊ ሰፈሮች ነው፤ በግሪንቬል፣ በሚል ፓርክ፣ በሴንት ኦልባንስ። እነዚህ ወጣት ቤተሰቦች፣ ስደተኞችና የጉልበት ሠራተኞች በብዛት የሚኖሩባቸው፣ ሕዝባቸውም በፍጥነት የሚያድግ አካባቢዎች ናቸው። በአንዳንዶቹ የድምፁ መሸሽ ከአሥር ነጥብ አልፏል። ነገር ግን ፓርቲው ቀድሞውኑ በሃያና ከዚያ በላይ ነጥብ ልዩነት ያሸንፍባቸው ስለነበር አሥር ነጥብ ቢያጣም ወንበሩ አልሄደበትም። በአንጻሩ በጠባብ ልዩነት በተያዙት ምሥራቃዊና ደቡብ ምሥራቃዊ ሰፈሮች ሌበር ይዞታውን ጠበቀ፤ እንደ ሄስቲንግስና ቤይስዋተር ባሉ ቦታዎችም የምርጫ ክልል ድንበር ሲከለል ወደ ሊብራል ያዘነበሉ ተብለው የነበሩ ወንበሮችን አሸነፈ። ሆቶርን፣ ኔፒያንና ሪችመንድ ግን አምልጠውታል።

እዚህ ላይ ብዙ ትንታኔ የሚዘለው ነገር አለ። ለአንድ ፓርቲ አስተማማኝ የሆነ ሰፈር በመንግሥት በጀት ዓይን ሁለት ጊዜ ሊጎዳ ይችላል። ገዢው ፓርቲ አላጣውም ብሎ ቸል ይለዋል፤ ተቃዋሚው አላገኘውም ብሎ ይተወዋል። የሜልበርንን ዳርቻ ሰፈሮች በባቡር ያገናኛል የተባለው ግዙፉ የከተማ ዳርቻ የባቡር ቀለበት ግንባታው የተጀመረው በምሥራቅ፣ ከቸልተንሃም እስከ ቦክስ ሂል ባለው 26 ኪሎ ሜትር ነው። በዚያው ጊዜ በምዕራቡ ዳርቻ ያለችው ሜልተን ሕዝቧ እየበዛ የምትጠቀመው በኤሌክትሪክ የማይሠራ የገጠር መስመር ባቡር ነበር። መንግሥት ምዕራቡን ጨርሶ ረስቷል ማለት አይቻልም፤ መንገድና ባቡር የሚገናኙባቸውን አደገኛ ማቋረጫዎች የማስወገዱ ሥራ ምዕራቡንም አዳርሷል፣ ለሜልተንም አዲስ ሆስፒታል ቃል ተገብቶ ነበር። ይሁንና ነዋሪው የሚያነጻጽረው የተሰጠውን ከትናንቱ ጋር ሳይሆን ከምሥራቁ ጎረቤቱ ጋር ነው፤ በእኔ አስተያየትም ንጽጽሩ ተገቢ ነው።

የኮቪድ ጥላ

ሜልበርን በስድስት ዙር በድምሩ 262 ቀናት ከቤት አትውጡ ተብላለች። የግዛቱ መንግሥት ድንበር ዘግቶ፣ ንግድ አስቁሞ፣ ለወራትም የሰዓት እላፊ አውጆ ነበር። ደጋፊዎቹ እርምጃው በሺዎች የሚቆጠር ሕይወት አትርፏል ይላሉ። ተቺዎቹ በ2020 ሁለተኛው ማዕበል የተነሣው መንግሥት ራሱ ካዘጋጀው የሆቴል ለይቶ ማቆያ ባመለጠ ቫይረስ መሆኑንና በዚያ ማዕበል ከ700 በላይ ሰው መሞቱን ያስታውሳሉ። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ መራጩም ሁለቱንም ይዞ ነው ወደ ምርጫ ጣቢያ የሄደው።

ለምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ግን ኮቪድ ሌላ ስም አለው። ጁላይ 4 ቀን 2020 በፍሌሚንግተንና በኖርዝ ሜልበርን ያሉ ዘጠኝ የመንግሥት መኖሪያ ፎቆች፣ ወደ 3,000 ነዋሪዎቻቸውን እንደያዙ፣ ያለ ምንም ቅድመ ማስጠንቀቂያ ተዘጉ። ፖሊስ በየደጁ ቆመ። ምግብና መድኃኒት ሳይሸምቱ የተያዙ፣ መመሪያውን በሚገባቸው ቋንቋ ሳያገኙ የሰነበቱ ብዙዎች ነበሩ፤ ከእነሱም መካከል አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ ተናጋሪዎች ይገኙበታል። ስምንቱ ፎቆች ከአምስት ቀን በኋላ ሲከፈቱ አንደኛው ለሁለት ሳምንት ተዘግቶ ቆየ። የግዛቱ እንባ ጠባቂ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ባወጣችው ሪፖርት፣ ያ ድንገተኛ መዝጋት የቪክቶሪያን የሰብዓዊ መብቶች ሕግ የጣሰ ነው አለች። መንግሥት ይቅርታ ይጠይቅ የሚለውን ምክረ ሐሳብ መንግሥት አልተቀበለም። በ2023 የነዋሪዎቹን የጋራ ክስ ለመቋጨት 5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሆኖ ሰፈሮቹ መንግሥትን ለምን አልቀጡም? መልሱ እንደ ሰፈሩ ይለያያል። ኖርዝ ሜልበርን ያለበት የሜልበርን ክልል ቀድሞውንም በግሪንስ እጅ ስለነበር ሌበር እዚያ የሚያጣው ወንበር አልነበረም። ብዙ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶችና ሱቆች ባሉበት በፉትስክሬይ ደግሞ ሌበር ወንበሩን ይዞ ቀጥሏል፤ ሆኖም የመጨረሻ ተፎካካሪው ሊብራል ሳይሆን ግሪንስ ነበር። በመብት ጥሰቱ ያዘነ የፎቅ ነዋሪ፣ የመንግሥት ቤት እንዲስፋፋ አይፈልግም ብሎ ከሚያስበው ከሊብራል ጋር ለመቆም ይቸግረዋል። የመጨረሻው ፉክክር ከሊብራል ጋር በሆነባቸው ክልሎች ደግሞ ወደ ግራ የሄደ ቅሬታ በሁለተኛ ምርጫ ተመልሶ ሌበርን ያግዛል።

ተቃዋሚው ወገን ለምን አልተጠቀመም?

የምርጫውን ውጤት ከሁሉ በላይ የሚያስረዳው ቁጥር ይህ ይመስለኛል። ሌበር 6 ነጥብ ሲያጣ የሊብራልና የአጋሩ የናሽናልስ ፓርቲ ጥምረትም ከ35.2 ወደ 34.5 በመቶ ዝቅ አለ። መንግሥት ያጣውን ዋናው ተቃዋሚ አላገኘም። ግሪንስ በትንሹ ወደ 11.5 በመቶ አደገ፤ ቀሪው ወደ ትንንሽ ፓርቲዎችና የግል ዕጩዎች ተበተነ። ከስድስት መራጮች አንዱ ከእነዚህ ከሦስቱ ወገኖች ለአንዳቸውም አንደኛ አላለም።

የሊብራል ፓርቲ መሪ የነበሩት ማቲው ጋይ በ2018ም ፓርቲውን መርተው የተሸነፉ ሰው ናቸው። ፓርቲው የባቡር ቀለበቱን አቁሞ ገንዘቡን ለሆስፒታሎች ለማዋል፣ በሜልበርን የሕዝብ ትራንስፖርት የቀን ዋጋን ወደ 2 ዶላር ለማውረድ ቃል ገብቶ ነበር። ሐሳቦቹ የማይናቁ ነበሩ፤ በተለይ አምቡላንስ በሚዘገይበትና የድንገተኛ ክፍል በተጨናነቀበት በዚያ ዓመት። ነገር ግን ፓርቲው ውስጣዊ ክፍፍሉን ከሕዝብ ዓይን መሸሸግ አልቻለም፤ አንዳንድ ተንታኞችም በሜልበርን ምሥራቅ በብዛት የሚኖሩት ቻይናውያን አውስትራሊያውያን ከፓርቲው መራቃቸውን ይጠቅሳሉ። መንግሥት በበኩሉ የቀድሞውን የመንግሥት ኤሌክትሪክ ኮርፖሬሽን በ1 ቢሊዮን ዶላር መነሻ አድሶ ለማቋቋምና በ2035 ከግዛቱ ኤሌክትሪክ 95 በመቶውን ከታዳሽ ምንጭ ለማግኘት ቃል ገባ። የመብራት ሂሳብ በናረበት ወቅት ይህ ለመራጩ በቀላሉ የሚገባ ተስፋ ነበር።

የላይኛው ምክር ቤት ሌላ ታሪክ ነው

56 ወንበር ያለው መንግሥት የፈለገውን ሕግ ያወጣል ማለት አይደለም። ሕግ 40 አባላት ባሉት የላይኛው ምክር ቤትም ማለፍ አለበት፤ እዚያ ሌበር ያገኘው 15 ወንበር ብቻ ነው። ጥምረቱ 14፣ ግሪንስ 4፣ ካናቢስ ሕጋዊ ይሁን የሚለው ፓርቲ 2 ሲይዙ፣ የቀሩት አምስት ወንበሮች ለአምስት ፓርቲዎች አንድ አንድ ደረሱ። መንግሥት ጥምረቱ የሚቃወመውን ሕግ ለማሳለፍ የሚያስፈልገውን 21 ድምፅ ለመሙላት፣ ከግሪንስና ከትንንሾቹ ፓርቲዎች ስድስት ድምፅ መለመን ነበረበት።

ምክር ቤቱ እንዲህ የተበታተነው በከፊል ፓርቲዎች የመራጩን ተከታይ ምርጫዎች በስሙ እንዲያከፋፍሉ በሚፈቅድ አሠራር ነው። መራጩ የምርጫ ወረቀቱን ለሁለት ከሚከፍለው መስመር በላይ ለአንድ ፓርቲ "1" ብሎ ከጻፈ፣ ድምፁ ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው ፓርቲው አስቀድሞ ያስመዘገበው ዝርዝር ነው። በምዕራብ አውስትራሊያ በ2021 አንድ ዕጩ በ98 ቀዳሚ ድምፅ ለምክር ቤት በቅቷል፤ ግዛቱም አሠራሩን ወዲያው ሻረ። በ2022 ይህን ይዛ የቀረችው ቪክቶሪያ ብቻ ነበረች። መራጩ ከመስመሩ በታች ላሉት ዕጩዎች ቢያንስ እስከ 5 ቁጥር ቢሰጥ ግን ድምፁ የሚሄደው እሱ ባዘዘው መንገድ ብቻ ነው።

ከድሉ በኋላ የመጣው ሂሳብ

ከምርጫው በኋላ ነገሮች በፍጥነት ተለዋወጡ። ቪክቶሪያ በ2026 ልታስተናግደው የነበረውን የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች አንድሩስ ጁላይ 18 ቀን 2023 ሰረዙ። በ2.6 ቢሊዮን ዶላር የተገመተው ወጪ ከ6 ቢሊዮን ሊያልፍ ነው ሲሉ ምክንያታቸውን ሰጡ፤ ለስረዛው 380 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ተከፈለ። ሴፕቴምበር ላይ ራሳቸው ሥልጣን ለቀቁና ጃሲንታ አለን ተተኩ። ከመልቀቃቸው ጥቂት ቀናት በፊት የሜልበርንን 44 የመንግሥት መኖሪያ ፎቆች እስከ 2051 ድረስ አፍርሶ የመገንባት ዕቅድ ይፋ አድርገው ነበር። በ2020 ከተዘጉት ፎቆች ነዋሪዎች ለብዙዎቹ ይህ ወዴት እንሄዳለን የሚል ጥያቄ ነው።

ዕዳውም አለ። በግዛቱ የ2025-26 በጀት ሰነድ መሠረት የተጣራው ዕዳ በ2029 አጋማሽ ወደ 194 ቢሊዮን ዶላር ይደርሳል። መሠረተ ልማት በብድር መገንባት በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ባቡሩን የሚጠቀሙት የነገዎቹ ጭምር ስለሆኑ። ወለዱ ግን ከሆስፒታሉና ከትምህርት ቤቱ ድርሻ እየቀነሰ ይሄዳል።

ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2025 በምዕራባዊቷ ዌሪቢ የተደረገው የማሟያ ምርጫ የ2022ቱን ንድፍ በጉልህ ደገመው። የሌበር ቀዳሚ ድምፅ ከ45 በመቶ ገደማ ወደ ከ30 በመቶ በታች ወደቀ፤ ሊብራል ያገኘው ጭማሪ ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ስለነበር ሌበር በሁለተኛ ምርጫዎች ታግዞ ለጥቂት ተረፈ። በዚያው ቀን በፕራራን፣ ሌበር ዕጩ ባላቀረበበት ውድድር፣ ግሪንስ ወንበሩን ለሊብራል አስረከበ።

ብቻውን መንግሥት ለመመሥረት 45 ወንበር ያስፈልጋል፤ ሌበር በ2022 ከዚህ በላይ 11 ትርፍ ነበረው። ያ ትርፍ የሚዘልቀው ቅሬታው ተበታትኖ እስከቆየ ድረስ ነው። በኖቬምበር 2026 ምሽት ቆጠራውን የሚከታተል ሰው ከጠቅላላው መቶኛ ይልቅ ሜልተንን፣ ዌሪቢንና ሴንት ኦልባንስን ቢያይ፣ እዚያም ሌበር ካጣው ድምፅ ስንቱ በሁለተኛና በሦስተኛ ቁጥር ተመልሶ እንደሚመጣ ቢቆጥር፣ ውጤቱን ከሌሎች ቀድሞ ያውቃል።